መቅረጫው በቀረጻ መሀል ለምን ይጠፋል? ልቅ የኃይል ግንኙነትን ፈልጎ ማግኘትና ማስተካከል

በእጅ የሚያዝም ሆነ በትከሻ ቦርሳ የሚዞር የድምፅ መቅረጫ በቀረጻ መሀል ድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚወቀሰው ባትሪው ነው። ባትሪ ተቀይሮም ችግሩ ከቀጠለ መሣሪያው ራሱ ተበላሽቷል ይባላል። በሁለቱ መካከል ግን ብዙ ሰው የማይፈትሸው መንገድ አለ፤ ከባትሪው ጫፍ ተነስቶ በሞላው፣ በገመዱ፣ በሶኬቱና በሶልደሩ አልፎ ቦርዱ ላይ የሚያበቃው መንገድ። ከዚህ መንገድ አንዱ ቦታ ከላላ፣ ከዛገ ወይም ከተሰነጠቀ መሣሪያው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። ቦታውን ለማግኘት የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ ብዙዎች ቴስተር የሚሉት መልቲሜትር፣ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት፣ ንጹሕ አልኮል፣ ስቴኪኒ፣ አጉሊ መነፅርና ትዕግሥት።

ልቅ ኮንታክት ምን ያደርጋል?

ሽቦ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ መሣሪያው ጨርሶ አይበራም፤ ጥፋቱን ማግኘትም ቀላል ነው። የላላ ኮንታክት አስቸጋሪ የሚሆነው ማስተላለፉን ስለማያቆም ነው። እርስ በርስ የሚነካካው የብረት ስፋት ስለሚያንስ በመንገዱ ላይ ሬዚስታንስ ይጨምራል፤ በሬዚስታንስ ውስጥ ከረንት ሲያልፍ ደግሞ ቮልቴጅ ይወድቃል። መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ ከረንት ስለማያልፍ የሚወድቅ ቮልቴጅ የለም፣ ቴስተሩም ሙሉ ቮልት ያሳያል። ጥፋቱ የሚገለጠው መሣሪያው ሥራ ላይ ሆኖ ጫና ሲኖርበት ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ፍተሻ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። በሁለት የኤኤ መጠን ድንጋዮች የሚሠራ መቅረጫ በቀረጻ ላይ 1.2 ዋት ይፈልጋል እንበል። ድንጋዮቹ 3 ቮልት ሲሰጡ ይህ 0.4 አምፔር ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ሁለት ጫፍ ስላለው ከረንቱ አራት ኮንታክቶችን ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ላይ 0.25 ኦም ብቻ ቢጨመር ድምሩ 1 ኦም ይሆናል። ቦርዱ ላይ ያለው ኮንቨርተር፣ ማለትም የድንጋዮቹን ቮልቴጅ መሣሪያው ወደሚፈልገው የሚቀይረው ክፍል፣ የሚደርሰው ቮልቴጅ ሲያንስ ያንኑ 1.2 ዋት ለማግኘት ተጨማሪ ከረንት ይስባል። ከረንቱ ሲጨምር በኮንታክቱ ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅ ይበዛል፤ ቦርዱ ጋ የሚደርሰው ይበልጥ ያንሳል፤ ከረንቱም እንደገና ይጨምራል። የድንጋዮቹን የውስጥ ሬዚስታንስ ሳንቆጥር፣ በ3 ቮልት ነገሩ 2.5 ቮልትና 0.48 አምፔር አካባቢ ሲደርስ ይረጋጋል፤ መሣሪያውም ይሠራል። ድንጋዮቹ ወደ 2.4 ቮልት ሲወርዱ ግን ቦርዱ ጋ የሚደርሰው 1.7 ቮልት ያህል ብቻ ነው። ከ2.2 ቮልት በታች ሲሆን ደግሞ ኮንቨርተሩ የሚፈልገውን ኃይል በዚያ መንገድ ማግኘት ፈጽሞ አይችልም፤ መሣሪያው ይጠፋል።

2.4 ቮልት ማለት ደግሞ ሁለት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋዮች፣ ማለትም ቻርጅ የሚደረጉት፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሚቆዩበት ቮልቴጅ ነው፤ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት ናቸውና። እንግዲህ «ይህ መሣሪያ ቻርጅ በሚደረግ ድንጋይ አይሠራም፣ በአልካላይን ብቻ ነው የሚሠራው» ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የድንጋዩ ላይሆን ይችላል። ጤነኛ ኮንታክት ባለው መሣሪያ ላይ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የውስጥ ሬዚስታንሱ አነስተኛ ስለሆነ ለከባድ ጫና ከአልካላይን ይሻላል። አዲስ አልካላይን ሲገባ የሚድን፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ የሚጠፋ መሣሪያ ካለ ኮንታክቱን ይጠርጥሩ።

መቆራረጡ በጣም አጭር ሊሆንም ይችላል። በኃይል መግቢያው ላይ ያለው፣ ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅመው ኮንደንሰር 470 ማይክሮፋራድ ቢሆንና 0.4 አምፔር ቢሳብበት በአንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ 0.85 ቮልት ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ዓይን የማያየው፣ ቴስተርም የማይይዘው የሁለትና የሦስት ሚሊሰከንድ መቋረጥ መሣሪያውን አጥፍቶ ለማስነሳት ይበቃል። መቅረጫው ሲራመዱበት ወይም ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ብቻ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ጫናውን የሚጨምሩትን ነገሮች ማወቅ ለፍተሻው ይረዳል። ዋናው ፋንተም ፓወር ነው፤ መቅረጫው በማይኩ ገመድ በኩል ለማይኩ የሚልከው ኃይል ማለት ነው። አንድ ማይክ ከ48 ቮልት 5 ሚሊአምፔር ቢወስድ 0.24 ዋት ነው፤ የኮንቨርተሩ ብክነት ሲታከልበት ወደ 0.3 ዋት ይጠጋል። ሁለት ማይክ ሲሆን 0.6 ዋት ይሆናል፤ ከላይ በጠቀስነው መሣሪያ ላይ የጫናውን ግማሽ ያህል ጨመረ ማለት ነው። የስክሪን መብራት፣ ከፍ ያለ የጆሮ ማዳመጫ ድምፅ፣ ሜሞሪ ካርዱ ላይ በሚጻፍበት ቅጽበት የሚሳበው ከረንት ሁሉ ይደመራሉ። ፋንተም ሲከፈት ወይም የቀረጻ ቁልፍ ሲጫኑ የሚጠፋ መሣሪያ መንገዱ ላይ ሬዚስታንስ እንዳለ እየተናገረ ነው።

መጀመሪያ ቀረጻውን ማዳን

መሣሪያው በቀረጻ መሀል ከጠፋ ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት ካርዱ ይውጣ። በዚያ ካርድ ላይ ሌላ ቀረጻ አይሞክሩ፤ ፎርማት ይደረግ የሚል ጥያቄ ቢመጣም እሺ አይበሉ። ዌቭ ፋይል ርዝመቱን የሚመዘግበው ቀረጻው በሥርዓት ሲዘጋ ነው፤ ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ድምፁ ካርዱ ላይ ቢኖርም ፋይሉ 0 ባይት ሊመስል ወይም አልከፈትም ሊል ይችላል። ከካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ይሳቡና በኮምፒውተር ላይ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ይውሰዱ። አንዳንድ መቅረጫዎች ካርዱ ተመልሶ ሲገባ የተቋረጠውን ፋይል ራሳቸው ይጠግናሉ፤ ያንን የሚሞክሩት ግን ቅጂው በእጅዎ ካለ በኋላ ነው።

ፋይሉ መጠን ካለው ግን ካልተከፈተ ኦዳሲቲ በተባለው ፕሮግራም እንደ ጥሬ ዳታ ማስገባት ይቻላል። የሚሞሉት ቅንብሮች ቀረጻው የተሠራባቸው ናቸው፦ ለምሳሌ ባለ 24 ቢት ፒሲኤም፣ ሊትል ኢንዲያን፣ 2 ቻናል፣ 48,000 ኸርዝ፣ መነሻው ከ44ኛው ባይት። ከተቀረጸው ድምፅ ይልቅ ኃይለኛ የሽሽሽታ ጩኸት ብቻ ከተሰማ የፋይሉ መግቢያ ከ44 ባይት የረዘመ ነውና መነሻውን በአንድ በአንድ ባይት እየጨመሩ ይሞክሩ፤ በዚህ ቅንብር አንድ ናሙና 6 ባይት ስለሆነ ቢበዛ በአምስት ሙከራ ይጠራል። መጠኑ 0 ከሆነ ደግሞ የጠፉ ፋይሎችን የሚፈልግ ፕሮግራም በቅጂው ላይ ማስኬድ ያስፈልጋል።

ልቅ ግንኙነት የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት አራት ነገር ያጣሩ፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያልቃል።

አብዛኞቹ መቅረጫዎች በሜኑ ውስጥ የባትሪ ዓይነት እንዲመረጥ ይጠይቃሉ፦ አልካላይን፣ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ወይም ሊቲየም። መሣሪያው የባትሪውን መጠን የሚገምተው ከቮልቴጁ ነው። ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ገብቶ ሜኑው አልካላይን ላይ ከቀረ ሙሉው ባትሪ ባዶ መስሎ ሊታየው ይችላል።

ሁለተኛው ፓወር ባንክ ነው። ብዙዎቹ የሚወጣው ከረንት በጣም ሲያንስ የተሰካው ስልክ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ትንሽ ኃይል የሚወስድ መቅረጫ ከተሰካ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይቋረጣል። መለያው መደበኛነቱ ነው፤ ሳይነካ ሳይነቃነቅ ሁልጊዜ በተቀራረበ ጊዜ ይጠፋል። ልቅ ኮንታክት እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። መፍትሔውም ገመድ መቀየር ሳይሆን ለአነስተኛ ጫና የተሠራ ሁነታ ያለው ፓወር ባንክ መጠቀም ነው።

ሦስተኛው በዩኤስቢ ሲ ሶኬት ላይ የሚታይ ነው። ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነ ገመድ አልሠራ ብሎ በአንድ ጫፉ ሰፊ የድሮ ዩኤስቢ በሆነ ገመድ የሚሠራ ከሆነ ሶኬቱ ላይላላ ይችላል፤ መሣሪያው ኃይል የሚጠይቅባቸው ባለ 5.1 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ሳይደረጉለት ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻው በሁለተኛው ዓይነት ገመድ መጠቀም በቂ ነው። በአንድ በኩል ተሰክቶ እየሠራ ተገልብጦ ሲሰካ የሚጠፋ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው፤ ከሶኬቱ ወይም ከገመዱ ጫፍ አንዱ መስመር ቆሽሿል ወይም ተነቅሏል።

አራተኛው ድምፅ ብቻ ሲንጫጫ ነው። ስክሪኑ ሳይደበዝዝ፣ ሰዓት ቆጣሪው ሳይቆም ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ጠቅታና ብስጭስጭታ ከተሰማ የሚፈተሸው የማይክ ገመድና የማይክ መግቢያ ነው። ስክሪኑ ብልጭ ሲል ወይም መሣሪያው ዳግም ሲነሳ ከሆነ ወደ ኃይል መስመሩ እንሂድ።

ፍተሻው በየትኛው ቅደም ተከተል?

ሁለቱን የኃይል መግቢያዎች ለይቶ መሞከር ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ድንጋዮቹን አውጥተው በአዳፕተር ብቻ፣ ከዚያም አዳፕተሩን ነቅለው በድንጋይ ብቻ፣ በየተራ ያብሩት። ሁለቱንም ጊዜ ጫናው ከፍተኛ ይሁን፦ ፋንተም ተከፍቶ፣ የስክሪን መብራት በርቶ፣ ቀረጻ እየሄደ። ለሙከራ የሚያገለግል ሌላ ካርድ ያስገቡ። በእርሳስ ጀርባ ወይም በላስቲክ እጀታ አካሉን ቀስ ብለው እያንኳኩ የሚጠፋበትን ቦታ ይፈልጉ።

በድንጋይ ብቻ ከጠፋ ጥፋቱ ባትሪ ቤቱ ውስጥ ነው። በአዳፕተር ብቻ ከጠፋ አዳፕተሩ፣ ገመዱ ወይም ሶኬቱ ነው። በሁለቱም ከጠፋ ሁለቱ ከሚገናኙበት ወዲያ፣ ቦርዱ ላይ ወይም ማብሪያው ላይ ነው። አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ፤ በአዳፕተር ደህና እየሠራ በድንጋይ ጨርሶ የማይነሳ መሣሪያ። ክብ ፒን ባላቸው አንዳንድ ሶኬቶች ውስጥ ፕለጉ ሲገባ የድንጋዩን መስመር የምትቆርጥ፣ ሲወጣ መልሳ የምታገናኝ ትንሽ ቅጠል አለች። ያቺ ቅጠል ከደከመች ወይም ከቆሸሸች ፕለጉ ባይኖርም ድንጋዩ እንደተቆረጠ ይቀራል። ፕለጉን አሥር ጊዜ ያህል መሰካትና መንቀል ለጊዜው ከመለሰው ምክንያቱ እሷ ናት፤ ዘላቂው መፍትሔ ሶኬቱን መቀየር ነው።

የባትሪ ቤቱ ኮንታክቶች

ድንጋዮቹን ያውጡና በብርሃን ይመልከቱ። ነጭ ወይም ሰማያዊ አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ከአልካላይን ድንጋይ የፈሰሰ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ጋር ተዋህዶ የደረቀ ነው። ቆዳና ዓይን ይጎዳልና ጓንት ያድርጉ። ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ አድርገው ቅርፊቱን ይንኩ፤ ይፈላል፤ መፍላቱ እስኪቆም ይደጋግሙ። ከዚያ በውሃ በረጠበ ጥጥ፣ ቀጥሎ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ጠርገው በደንብ ያድርቁት። ፈሳሹን በቀጥታ ማፍሰስ አይገባም፤ በሞላው ሥር ወደ ቦርዱ ይገባልና። የፈሰሰው ድንጋይ ተራው ዚንክ ካርቦን ከሆነ ዝቃጩ አሲድ ስለሆነ አቼቶ አይረዳውም፤ ለእሱ በጥቂት ውሃ የተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ ነው።

ቅርፊት ባይኖርም ድምቀቱ የጠፋ፣ ግራጫ የመሰለ ኮንታክት ሬዚስታንስ አለው። በነጭ ላጲስ ፈግፍገው ብናኙን በአልኮል ይጥረጉ። ብርጭቆ ወረቀት አይጠቀሙ፤ የላይኛውን ቀጭን የኒኬል ሽፋን ገፎ ሥሩ ያለውን ብረት ያጋልጣል፤ ለአንድ ሳምንት ያበራና ከዚያ በፊት ከነበረው ብሶ ይዝጋል። ለዝገት ተብሎ የሚረጭ ተራ ዘይትም እዚህ ቦታ የለውም፤ ቆሻሻ የሚይዝ ሽፋን ይተዋል። ለኮንታክት ተብሎ የተሠራ ማጽጃ ካለ አንድ ጠብታ በጥጥ ይበቃል።

ቀጥሎ የሞላው ጉልበት ነው። አንዱን ድንጋይ አስገብተው በጣት ወደ ሞላው ሲገፉት ገፍቶ መመለስ አለበት። ከላሸ በወረንጦ ጫፉን ይዘው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ይሳቡት፤ ከዚያ በላይ ከተሳበ ጠመዝማዛው ቅርፁን ያጣል። በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ከተኛ ብረቱ ደክሟል፣ ይቀየር። ጠፍጣፋ የፖዘቲቭ ሳህን ከሆነ ከኋላው በላስቲክ ማንሻ ወደ ፊት ትንሽ ይገፋል።

ድንጋዩ ራሱም ሊሆን ይችላል። የኤኤ መጠን ድንጋይ ርዝመቱ እስከ 50.5 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ ከ13.5 እስከ 14.5 ሚሊሜትር ነው፤ በዚህ ክልል ውስጥ ካሉት ቀጭኑና አጭሩ ቤቱ ውስጥ ይወዛወዛል። አንዳንድ መሣሪያዎች ድንጋይ ተገልብጦ እንዳይገባ የፖዘቲቩን ሳህን ከላስቲክ ጠርዝ ጀርባ ያስገቡታል፤ የፖዘቲቭ ጉብታው አጭር የሆነ ድንጋይ እዚያ ድረስ አይደርስም ወይም ለጥቂት ብቻ ይነካል። የሌላ አምራች ድንጋይ አስገብቶ መሞከር አንድ ደቂቃ የማይፈጅ፣ ብዙ ልፋት የሚያድን ፍተሻ ነው። የክዳኑንም መንጠቆ ይመልከቱ፤ በብዙ ትናንሽ መቅረጫዎች ድንጋዮቹን የሚጫነው ክዳኑ ነው። በጣት ሲጫኑት የሚድን መሣሪያ የክዳን ችግር አለበት።

አሁን ልኬቱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ቴስተሩን በሚጮኸው ሁነታ ላይ አድርጎ «ጮኸ፣ ስለዚህ ደህና ነው» በማለቱ ነው። በብዙ ቴስተሮች ከ30 ኦም በታች የሆነ ነገር ሁሉ ይጮኻል፤ ከላይ እንዳየነው ግን 1 ኦም ራሱ መሣሪያውን ለማጥፋት ይበቃል። ጩኸቱ የሚነግረን ሽቦው ሙሉ በሙሉ አለመቆረጡን ብቻ ነው።

ትክክለኛው መንገድ የወደቀውን ቮልቴጅ በሥራ ላይ መለካት ነው። መሣሪያውን በሙሉ ጫና ያስነሱ። ቴስተሩን በዲሲ ሚሊቮልት ላይ ያድርጉና አንዱን ሹል ጫፍ በድንጋዩ ብረት ላይ፣ ሌላውን ድንጋዩ የሚነካው ሞላ ወይም ሳህን ላይ ያሳርፉ። በ0.4 አምፔር ከ20 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ኮንታክቱ ጤነኛ ነው፤ 0.05 ኦም ማለት ነውና። 100 ሚሊቮልት ከደረሰ 0.25 ኦም ነው፤ ያ ኮንታክት መታከም አለበት። አራቱንም በየተራ ይለኩ። አራቱም ደህና ከሆኑ ሞላው ከሽቦው ወይም ከቦርዱ ጋር የተገናኘበትን ቦታ ይለኩ፤ የፈሰሰ ድንጋይ በሪቬቱ ሥር ገብቶ ላዩ ንጹሕ ሆኖ ውስጡ የዛገ ብዙ አለ። ሹል ጫፎቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን እንዳያገናኙ ይጠንቀቁ።

ገመድና ሶኬት

ክብ ፒን ባላቸው ሶኬቶች ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስት ነገር ውስጠኛው ቀዳዳ ነው። የውጭ ውፍረታቸው 5.5 ሚሊሜትር የሆኑ ፕለጎች በሁለት ዓይነት ይመጣሉ፤ ውስጣቸው 2.1 ወይም 2.5 ሚሊሜትር ነው። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። የ2.1 ፕለግ በ2.5 ፒን ላይ አይገባም፤ የ2.5 ፕለግ ግን በ2.1 ፒን ላይ ገብቶ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሲነካም ይቆራረጣል። መሣሪያው ሶኬቱ ላልቷል ተብሎ ወደ ጠጋኝ ከመሄዱ በፊት አዳፕተሩ የራሱ መሆኑ ይረጋገጥ። ቮልቴጁም፣ ፖዘቲቩ መሀል መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው ሥዕልም በመሣሪያው ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት፤ የተገለበጠ ፖዘቲቭ በአንድ ቅጽበት ቦርድ ያቃጥላል።

በማይክሮ ዩኤስቢና በዩኤስቢ ሲ ላይ የሚይዘው ጥርስ የተሠራው ቶሎ የሚያልቀው ክፍል ገመዱ እንዲሆን ነው። ስለዚህ «ሶኬቱ ላላ» ከመባሉ በፊት አዲስ ገመድ ይሞከር። ሶኬቶቹ እስከ 10,000 ጊዜ መሰካት እንዲችሉ ሆነው ይሠራሉ፤ ገመዱ ግን በየቀኑ ይታጠፋል። አዲሱም ገመድ እስከ መጨረሻው ካልገባ የሶኬቱን ውስጥ በብርሃን ይመልከቱ፤ ከኪስና ከቦርሳ የገባ የጨርቅ ብናኝ ተጨምቆ ሥሩ ላይ ይተኛል። ድንጋዮቹን አውጥተው በስቴኪኒ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ ብለው ያውጡት። መርፌ አይጠቀሙ።

የገመዱ ውፍረትም ጉዳይ አለው። በቀጭን ገመዶች ውስጥ የሚገኘው ቁጥር 28 ሽቦ በሜትር 0.21 ኦም ያህል አለው። ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ የ2 ሜትር ገመድ ከ0.85 ኦም አይተናነስም፤ በ0.5 አምፔር ከ0.4 ቮልት በላይ ይበላል። ከ5 ቮልት ላይ 4.6 ሲደርስ ጫፎቹ ትንሽ ከቆሸሹ መሣሪያው መጥፋት ይጀምራል። አጭርና ወፍራም ገመድ ይሻላል።

ገመድ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ከፕለጉ አንገት በ3 ሴንቲሜትር ውስጥ ነው። ለመፈተሽ ቴስተሩ በሚለካበት የገመድ ጫፍ ላይ፣ በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ መካከል፣ ጫና ማገናኘት አለብዎት። ለ5 ቮልት አዳፕተር 10 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር 0.5 አምፔር ይስባል፤ 2.5 ዋት ስለሚያመነጭ ይሞቃል፣ በእጅ አይያዝ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያጠፉ ቮልቴጁን ይከታተሉ። ቴስተር በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚለካ አጭር መቋረጥ ያመልጠዋል፤ በሬዚስተሩ ፈንታ ባለ 6 ቮልት ትንሽ አምፖል ከገባ ዓይን ብልጭታውን ቶሎ ይይዛል። ከግድግዳ የሚሰካ አዳፕተር ውስጡ አይከፈት።

ትላልቅ የመስክ መቅረጫዎች ላይ የሚገኘው ባለ አራት ፒን ሂሮሴ የሚባለው ማገናኛ ራሱ ጠንካራ ነው፤ እስኪቆልፍ ተገፍቶ ሲነቀል ከውጭ ቀለበቱ ይሳባል። በተለመደው አሠራር 1ኛው ፒን ኔጌቲቭ፣ 4ኛው ፖዘቲቭ ነው። እዚህ የሚላላው ውስጡ ያለው ሶልደር ነው፤ ገመዱን የሚይዘው ማጥበቂያ ሲላላ ጉተታው ሁሉ ወደዚያች ትንሽ ሶልደር ይሄዳል።

ቦርዱ ላይ ያለ ስንጥቅ

ገመዱ አዲስ፣ ሶኬቱ ንጹሕ ሆኖ ፕለጉን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲጫኑት ብቻ የሚሠራ ከሆነ የሶኬቱ እግሮች ከቦርዱ ጋር የተበየዱበት ቦታ ተሰንጥቋል። ለአሥርና ለሃያ ደቂቃ ሠርቶ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ መሣሪያም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

ከመክፈትዎ በፊት ድንጋይና ካርድ ያውጡ፣ የብሎኖቹን ቦታ ፎቶ ያንሱ። ብሎኑን በማይገጥም ካቻቢቴ መፍታት ራሱን ይበላዋል፤ የጃፓን መስቀል ብሎኖች ተራውን መስቀል ካቻቢቴ በደንብ አይይዙም። ሁለቱን ገጽ የሚያገናኙ ጠፍጣፋ ሪባን ገመዶች ስላሉ ክዳኑን በኃይል አይለያዩ። በአጉሊ መነፅር ሲታይ ስንጥቁ በእግሩ ዙሪያ እንደ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ይታያል። በስቴኪኒ ፒኑን ሲገፉት ከሶልደሩ ተለይቶ ከተንቀሳቀሰ ተገኝቷል።

ጥገናው ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ የሚረዳውን ፍለክስ ቀብቶ በአዲስ ሶልደር እንደገና ማቅለጥ ነው። ቆርቆሮና እርሳስ በ63 እና 37 የተደባለቀው በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የመበየጃው ጫፍ ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ይሁን። እርሳስ የሌለበት የፋብሪካ ሶልደር ከ217 ዲግሪ በላይ ስለሚቀልጥ ትንሽ አዲስ ሶልደር ሲቀላቀልበት ሥራው ይቀላል። ኔጌቲቩ ከሰፊ መዳብ ጋር ስለሚገናኝ ሙቀቱን ይስባል፤ ሰፋ ያለ ጫፍ ተጠቅሞ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ መያዝ በቀጭን ጫፍ ለረጅም ጊዜ ከማሰቃየት ይሻላል። ረጅም ሙቀት መዳቡን ከቦርዱ ያስለቅቃል። ሶኬቱን አጥብቀው የሚይዙትን የጎን እግሮች አይርሱ፤ እነሱ ከላሉ የኃይል ፒኖቹ እንደገና ይሰነጠቃሉ። ደቃቃ ፒን ያለው የዩኤስቢ ሲ ሶኬት ከሆነ ልምድ ላለው ሰው መስጠት ነው የሚሻለው።

ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ካገኙ ማንኛውንም ሥራ ያቁሙ። አይጫኑት፣ አይውጉት፣ ቻርጅም አያድርጉት።

ሥራ መሀል ከሆነና ጊዜ ከሌለ

ለጊዜው ካርቶን ወይም ስፖንጅ በክዳኑና በድንጋዩ መካከል ማስገባት ኮንታክቱን ያጠብቀዋል። ቀጭን ድንጋይ የሚወዛወዝ ከሆነ አንድ ዙር ወረቀት ይጠቅለልበት። በሞላው ላይ የአሉሚኒየም ፎይል ማጠፍ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ፎይሉ ተንሸራቶ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ካገናኘ ግን ድንጋዩ በደቂቃ ውስጥ ያቃጥላል፣ ስለዚህ አይመከርም።

ገመዱን ከመሣሪያው አካል ጋር በናስትሮ ወይም በማሰሪያ አስረው ከማሰሪያው እስከ ሶኬቱ ያለው ክፍል ትንሽ ልል ይሁን፤ ጉተታው ማሰሪያው ላይ እንዲቀር። የውጭ ኃይል ሲቋረጥ ወደ ውስጥ ድንጋይ የሚዞር መሣሪያ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግ ጥሩ መከላከያ ነው። ይህን ችሎታ ግን በሙከራ ቀረጻ ላይ ገመዱን ነቅለው ያረጋግጡ፤ መዞር አቅቷቸው የሚጠፉ አሉና። ረጅም ቀረጻ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃ አዲስ ፋይል እንዲከፍት ማድረግም ኃይል ቢቋረጥ የሚጎዳው የመጨረሻው ክፍል ብቻ እንዲሆን ያደርጋል።

ከጥገናው በኋላ

መሣሪያው በርቶ መታየቱ ብቻ ጥገናው መያዙን አያሳይም። ሁለት ቻናል፣ 24 ቢት፣ 48,000 ኸርዝ አድርገው፣ ፋንተም ተከፍቶ፣ ቢቻል ግማሽ በደረሱ ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ለአንድ ሰዓት ይቅረጹ፤ በየመሀሉ አካሉን ያንኳኩ፣ ያዘንብሉ፣ ገመዱን ያነቃንቁ። በዚህ ቅንብር በሰከንድ 288,000 ባይት ይጻፋል፤ የሰዓቱ ፋይል፣ ወይም በየክፍሉ ከተከፋፈለ ድምሩ፣ 1,036,800,000 ባይት አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ የኮንታክቶቹን ሚሊቮልት ድጋሚ ይለኩና ቁጥሩን ባትሪ ቤቱ ክዳን ውስጥ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ይለጥፉ፤ ከወራት በኋላ ሲለኩ የትኛው ኮንታክት እየደከመ እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ነው።